ለወሎ ገበሬ ቤተሰብ ምን እንላክ? ወርሃዊ ብር፣ ዳጎስ ያለ ብር፣ እህል ወይስ ከብት

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ ይበዛል። አዲስ አበባ ያሉ የአገሬ ልጆች፣ ጅዳና ዱባይ ያሉ እህቶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ምን ብንልክ ይሻላል?» አንዱ እህል ይላል። አንዱ በሬ ይላል። ሌላው «ብሩን በእጃቸው ስጧቸው፣ የሚበጃቸውን እነሱ ያውቃሉ» ይላል። ክርክሩ ሳያልቅ ሐምሌ ያልቃል። አገር ቤት ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ እኛን ሲጠብቁ ቆይተው በጋቸውን ይሸጣሉ።

ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ጠያቂዎች ነው። ከደላንታና ከዋድላ የመጣን ልጆች ባቋቋምነው ማኅበር ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አራቱንም መንገድ ሞክረናል፤ በአንዱ ክፉኛ ተሳስተናል። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ላስቀምጥ፤ አማራጮቹን ከዚያ እናያለን።

መመዘኛዎቹ

*ጊዜ።* ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። በደጋው፣ በደላንታ፣ በዋድላ፣ በመቄት፣ በለጋምቦ፣ የበልግ ገብስ ሲሰምር በሰኔና በሐምሌ እሸት ይደርሳል፤ በልግ ሲከዳ ግን ችጋሩ ከግንቦት ይጀምራል። ቆላው፣ ማለትም ራያ ቆቦ፣ ቃሉና ባቲ፣ ማሽላው እስኪታጨድ ኅዳርን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጭንቁ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ «ክረምት ላይ እንልካለን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የየትኛው ቀበሌ ክረምት እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ጊዜን ለምን እንዳስቀደምኩ በአንዲት በግ ላሳይ። አክስቴ ሦስት በግ አላት እንበል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የማሰሮዋ ዱቄት አለቀ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ክርስቲያኑ ሥጋ አይበላም፤ የተቸገረ ሁሉ ደግሞ በዚያው ሰሞን በጉን ወደ ገበያ ይጎትታል። ነጋዴው የበጓን ጀርባ በሁለት ጣቱ ጨበጥ ያደርግና «ከሲታ ናት» ይላል፤ የሚሰጠውን ተቀብላ ትመለሳለች። ያቺኑ በግ ጳጉሜ ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ብታወጣት ከአዲስ አበባ ድረስ ገዢ ይመጣላታል። በነሐሴ 1 እና በጳጉሜ መካከል ያለው አንድ ወር ብቻ ነው። ለዚያ ወር የሚሆን እህል መግዣ ሐምሌ 25 ቢደርሳት በጓን ታቆያለች። መስከረም ላይ ከደረሰ ያው ብር እህል ይገዛል እንጂ የተሸጠችውን በግ አይመልስም።

እንግዲህ ገንዘብ ድሃ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው አንድ ሽያጭ ማስቀረት ነው። በግ እንዳይሸጥ፣ ጥጃ እንዳትወጣ፣ መሬት ለሦስት ዓመት ኮንትራት እንዳይሰጥ፣ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሰው ቤት እረኛ እንዳይቀጠር ያደርጋል። ይህ በፎቶ አይነሳም፤ ሪፖርት ላይም አይወጣም። እኔ ግን ለውጥ የምለው ይህን ነው።

*የዋጋ መናር።* ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ምትክ ብር ወይም እህል የሚሰጠው የመንግሥት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የአንድ ቀን የሥራ ክፍያ 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የእህል ዋጋ ጥሎት ሄደ። ያኔ ቀድሞ ብር ይመርጡ የነበሩ ቤተሰቦች ሳይቀሩ «እህሉን ስጡን» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ የምትልኩትን በብር ቁጥር አትቁጠሩት። በእህል ቁጠሩት።

የምንቆጥርበት ልክ ደግሞ አለን። የሴፍቲኔት የእህል ድርሻ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው፤ ጥራጥሬው ተጨማሪ 4 ኪሎ። አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ኪሎ እህል ይሆናል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ላሉት ሦስት ወራት 2 ኩንታል ከ25 ኪሎ። ይህን በአካባቢው ገበያ በዚያ ሳምንት በሚሸጥበት ዋጋ አባዙት። የምትልኩት ብር ያን ያህል ካልሆነ ስንቱን ሳምንት እንደሚሸፍን ታውቃላችሁ።

*ከሚላከው ስንቱ እደጃፉ ይደርሳል?* መኪና፣ ጫኝና አውራጅ፣ የአህያ ኪራይ፣ የወኪል ክፍያ፣ ሁሉም ከድሃው ድርሻ ነው የሚቀነሰው።

*የሚወስነው ማን ነው?* ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ከብቱን የሚሸጠው ማን ነው? እናትየው ሳታውቅ የሚወሰን እርዳታ ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ ብዙ አይቼ አላውቅም።

*ጉልበት።* ቤቱ ውስጥ የሚያርስ፣ የሚያግድ፣ ገበያ የሚወርድ ሰው አለ ወይስ የለም? ይህን መመዘኛ ንቀን ነው የተሳሳትነው።

ወርሃዊ ትንሽ ብር

ለሚበላ ነገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ኬንያ ራሪዳ በሚባል አካባቢ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ለአንዳንድ ቤተሰቦች ገንዘቡን በየወሩ ከፋፍሎ፣ ለሌሎቹ ባንድ ጊዜ ሰጥቶ ተመራማሪዎች አነጻጽረውት ነበር። በየወሩ የተሰጣቸው ምግባቸው ተሻለ፤ ባንድ ጊዜ የተሰጣቸው የሚቆይ ዕቃ ገዙ። በእኛም አገር ያየሁት ከዚህ አይርቅም። በወር የሚመጣ ብር ጨው ይሆናል፣ በርበሬ ይሆናል፣ የወፍጮ ይሆናል፣ የልጅ ደብተር ይሆናል። ቀኑ ከታወቀ ደግሞ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፤ «የልጇ ብር ወር በገባ በአምስት ይመጣል» ይላላ። አራጣ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወር ከዘለለ ያ የዱቤ መተማመን ይፈርሳል። ሦስት ወር ልኮ አራተኛውን መርሳት ከመጀመሪያውም አለመጀመር ይሻላል እላለሁ፤ ቤቱ ገቢ አለኝ ብሎ ዕዳ ገብቷልና። ሁለተኛ፣ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ወይም በሪያል የሚልክ ሰው ያንኑ ሲልክ ብሩ በዛለት። አዲስ አበባ ተቀምጦ ከደመወዙ የሚልክ ግን ያንኑ ብር ሲልክ አክስቱ የምትሸምተው ጣሳ ቀነሰ። በብር የምትልኩ ሰዎች በዓመት ሁለቴ፣ በጥርና በሐምሌ፣ መጠኑን ከእህል ዋጋ ጋር አስተያዩት።

«ወንዱ ይጠጣበታል፣ ይቅምበታል» የሚል ስጋት በየስብሰባው ይነሳል። ስለ አልኮልና ትምባሆ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 19 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ገንዘብ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለእነዚህ የሚያወጡት አልጨመረም፤ አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ቀንሷል። ሐሳብ ከገባችሁ ብሩን በእማወራዋ ስም ላኩ፤ ለስጋቱ ያ ይበቃል።

ባንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ብር

ይህ ለቆርቆሮ፣ ለበሬ፣ ለዕዳ መክፈያ፣ በኮንትራት ወይም በወለድ አገድ (ለብድር መያዣ ተሰጥቶ) የወጣ መሬት ለማስመለስ ነው። በእኔ እምነት ከነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ይበልጣል። መሬቷን የሰጠች ሴት ዓመቱን ሙሉ የሰው ሥራ ስትሠራ፣ በገዛ ማሳዋ የሌላ ሰው ጤፍ ሲወቃ ታያለች። መሬቱ ሲመለስላት ለእኩል አራሽ እንኳ ብትሰጠው የምርቱ ግማሽ ቤቷ ይገባል።

መላኪያ ወሩ ጥር ነው። እህል ርካሽ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነው፣ ሰው ሁሉ ከአጨዳ አርፏል። ጥር ላይ የተገዛ ኩንታል ማሽላ አየር በማያስገባ ጆንያ ታሥሮ ከነቀዝ ከተጠበቀ ነሐሴ ላይ የሚሸመተውን ውድ እህል ያስቀራል። የቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈር እድራችን፣ ዳኛ «የጥር ብር የነሐሴ እንጀራ ነው» ብለውናል፤ እኛም በዚያ ልክ እየሠራን ነው።

አደጋውን አልደብቅም። ባንድ ጊዜ የመጣ ብር ሰፈር ይሰማዋል፤ ዘመድ ይበዛል። ከዚህ የሚከፋው ደላላ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወደ አረብ አገር ለመላክ የሚጠየቀው ብርና እኛ «ራሳቸውን ይቻሉበት» ብለን የምንልከው ብር መጠናቸው ብዙ አይራራቅም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዳጎስ ያለ ብር ከመላካችሁ በፊት ለምን እንደሚውል ከእማወራዋም ከልጆቿም ጋር በስልክ ተነጋገሩ። እናንተ እንድትወስኑላቸው አይደለም፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ እንድትሰሙ ነው።

ለጠቅላላው መንደር ስለሚሰጥ ብር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ኬንያ ሲያያ ውስጥ ከ10,000 ለሚበልጡ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያህል ሲሰጥ፣ ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ተጠቀሙ፤ የገበያው ዋጋ የጨመረው 0.1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ይህን ሰምተው «እንግዲያው ብር በገፍ እንላክ» የሚሉ አሉ። እኔ ቆም ብዬ አስባለሁ። ነጋዴው ዕቃ በአይሱዙ ማምጣት የሚችልበት ቀበሌ ከሆነ እውነት ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከመንገድ የሚቆረጥ ቆላ ውስጥ ግን ብሩ በዝቶ እህሉ ያው ከሆነ ዋጋው ብቻ ነው የሚወጣው።

እህል በዓይነት

የወሎ ሰው ስለ እርዳታ እህል ሲነሳ ሆዱ ይባባል፤ የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ የሚያስታውሱ አዛውንት በየቤቱ አሉ። የ1965–66ቱን ረሃብ ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያሳየው ግን፣ ያኔ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር ነው። ደሴ ላይ እህል ነበር፤ የተራበው ሰው መግዣ አልነበረውም። ለብር ያደላሁበት ትልቁ ምክንያት ይህ ታሪክ ነው።

ገበያው ራሱ ሲዘጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ባንክ ዝግ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም። በስልክ የተቀመጠ ብር ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። ያኔ ጎተራው ውስጥ የነበረው እህል ነው ሰው ያቆየው።

ከአዲስ አበባ እህል ጭኖ መሄድን ግን አልመክርም። እህል ካስፈለገ ቅርብ ካለው ገበያ፣ ባቲ ከሆነ ሰኞ፣ ላሊበላ ከሆነ ቅዳሜ፣ እዚያው ግዙ፤ መኪናው የሚበላው ለነጋዴውና ለገበሬው ይተርፋል።

ከብትና በግ

ስህተታችንን እዚህ ልናገር። ማኅበራችን አንድ ዓመት ለአንዲት ባሏ ለሞተባት የሦስት ልጆች እናት በሬ ገዛላት። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ በሬው ቀይ፣ ሻኛው የቆመ፣ ሲያዩት የሚያኮራ። እሷ ግን የምታርስ ሴት አይደለችም፤ መሬቷን ለእኩል አራሽ ነው የምትሰጠው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም፤ መቀናጆ ይፈልጋል፣ መቀናጆውም የሚያርስ ወንድ ይፈልጋል። ቀድሞ ሸጣ ጨውና ሳሙና የምትገዛበትን ገለባ በሬው በላው። ግንቦት ላይ መኖው ሲያልቅ ጎድኑ ወጥቶ ከገዛንበት በታች ሸጠችው። ስንጠይቃት «ቅር እንዳይላችሁ ብዬ ነው እንጂ በግ ነበር የምፈልገው» አለችን። አልጠየቅናትም ነበር።

ከብት በሚገባ የሚጠቅምበትም መንገድ አለ። ኢትዮጵያን (ትግራይ ውስጥ) ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞክሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው አሠራር ከብት ብቻ አልነበረም፤ ሥልጠና፣ እየመጣ የሚጎበኝ ሰው፣ ቁጠባና ለተወሰኑ ወራት የምግብ ድጎማ አብሮ ነበር። ለውጡ ፕሮግራሙ ካለቀ ከዓመት በኋላም ታይቷል። በኋላ ጋና ውስጥ ፍየል ብቻውን ሲሰጥ ግን ዘላቂ ለውጥ አልመጣም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚበላው የሌለው ሰው የተሰጠውን ፍየል ይሸጣል። በግ መስጠት ከፈለጋችሁ የክረምቱን እህል መግዣ አብራችሁ ስጡ፤ አለዚያ በጓ ነሐሴን አታልፍም።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | የሚበጀው ወር | ዋጋ ሲንር | የመንገድ ወጪ | የሚጠይቀው ጉልበት | ከዓመት በኋላ የሚቀር |
|---|---|---|---|---|---|
| ወርሃዊ ብር | ዓመቱን ሙሉ፤ ቢያንስ ከሐምሌ እስከ መስከረም | ይጎዳል | ትንሽ | የለም | ያልተሸጠ ከብት፣ ያልተገባ ዕዳ |
| ዳጎስ ያለ ብር | ጥር | ቶሎ ከዋለ አይጎዳም | ትንሽ | መካከለኛ | የተመለሰ መሬት፣ ቆርቆሮ፣ ጥሪት |
| እህል | ገበያ ሲዘጋ | አይጎዳም | ብዙ | የለም | ብዙም የለም |
| በሬ | ከመኸር በኋላ፣ ገለባ ሲኖር | አይጎዳም | መካከለኛ | ብዙ | የሚያርስ ካለ ብዙ |
| በግና ዶሮ | ከመስከረም ወዲያ | አይጎዳም | መካከለኛ | ትንሽ | ሳይሸጥ ከቆየ ርቢ |

ለማን የትኛው?

ጧሪ ለሌላቸው አዛውንትና ሥራ ለማይችል ሕመምተኛ፦ ወርሃዊ ብር፣ ሳይቋረጥ። ሴፍቲኔትም ለእነዚህ ሥራ ሳይጠይቅ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ለጉልበተኞቹ ግን የማኅበረሰብ ሥራው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ የነሐሴው ቀዳዳ ክፍት ይቀራል። የእናንተ ብር እዚያ ይግባ።

መሬቷን ለእኩል ለሰጠች እናት፦ የክረምቱን ሦስት ወር እህል መግዣ፣ ከዚያ መስከረም ላይ የደብተርና የዩኒፎርም። ሌላ ዓመት አቅም ሲገኝ በግ፣ እሷ ከፈለገች።

ለጎጆ ወጪዎች፣ ጉልበት ላላቸው፦ ጥር ላይ ባንድ ጊዜ።

አቅማችሁ የአንዲት በግ ዋጋ ብቻ ከሆነ በግ አትግዙ። ብሩን ሐምሌ 25 ላይ ላኩ፤ ያላቸውን በግ ያድናል። አቅማችሁ የሁለት ኩንታል እህል ከሆነ ለሦስት ክፈሉት። ከዚያ በላይ ያለው ማኅበር ግማሹን ለክረምት፣ ግማሹን ለጥር ይያዝ። ከአምስት ቤት ለሚበልጥ የምትልኩ ከሆነ ዝርዝሩን ብቻችሁን አታውጡ፤ ቅሬው ያውቀዋል፤ ማን ጾሙን እንደሚያድር ከቅሬ የሚሰወር የለም። «ይቺ እንኳ ከልጆቿ ይላክላታል» ተብላ ከሴፍቲኔት ዝርዝር እንዳትወጣ ደግሞ ከወር ወር ጠይቋት።

በምን ይላክ?

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሲቢኢ ብርም፣ ኤም-ፔሳም አሉ፤ ለየትኛውም አልከራከርም። የምጠይቀው ወኪሉ ጥሬ ብር ይይዛል ወይ ብቻ ነው። አክስቴ ስልኳን በመቀነቷ ቋጥራ ሦስት ሰዓት በእግሯ ወርዳ፣ ወኪሉ «ብር አልቋል፣ ነገ ነይ» ብሎ መልሷታል። በሁለተኛው ቀን የሚስጥር ቁጥሯን ሱቁ የሞላ ሰው እየሰማ ጮክ ብላ ነገረችው፤ ማንበብ አትችልም፣ ማንም አላስተማራትም። ያን ቀን ምንም አልጠፋባትም። ከዚያ ወዲህ ግን መጀመሪያ የምንልከው ትንሽ ብርና አንድ የሚያስተምር የሰፈር ልጅ ነው፤ ከዚያ ዋናውን እንልካለን። በገበያ ቀን ሳይሆን በማግስቱ እንድትሄድ እንመክራለን፤ ያኔ ነጋዴዎች ያስገቡት ብር ወኪሉ እጅ አለ።

ባንክ የሚመረጠው ለዳጎስ ያለው ብር ነው። ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ እየተጠየቀ ስለሆነ መታወቂያውን ከጥር በፊት ያውጡ።

ከመላካችሁ በፊት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዱቄቱ እስከ መቼ ያደርሳል? ገበያ ላይ የእህሉ ጣሳ ዛሬ ስንት ነው? ብር ባይመጣ መጀመሪያ ምን ትሸጣላችሁ? አክስቴን ዘንድሮ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሦስተኛውን ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና «ነጭ ግንባሯን» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ላክንላት።